የቀዶ ሕክምና ቁስል እስኪጠግግ ጀሪካኑን ማን ይሸከም?

አንዲት እናት በቀዶ ሕክምና ከወለደች በኋላ፣ ሌላ ችግር ካልገጠማት፣ ከሆስፒታል የምትወጣው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በመውጫዋ ዕለት ከሚሰጧት ምክሮች አንዱ ለስድስት ሳምንታት ከጨቅላዋ የሚከብድ ነገር እንዳታነሳ የሚያሳስብ ነው። ምክሩ ለመናገር ቀላል ነው። የአርሶ አደሩን ጓዳ ለሚያውቅ ሰው ግን ከባድ ጥያቄ አዝሏል። ውኃው ከምንጭ ወይም ከቦኖ በ20 ሊትር ጀሪካን ይቀዳል፤ ማገዶው በጀርባ ይመጣል፤ እህሉ ወፍጮ ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ ከአዲሱ ጨቅላ በፊት የተወለደው የሁለት ዓመት ልጅም ገና «እዘይኝ» እያለ የእናቱን ቀሚስ የሚጎትት ነው።

በዚህ ምክንያት በገጠር ከሆድ ቀዶ ሕክምና የማገገም ጉዳይ በእናቲቱ ብርታት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ይበልጥ የሚወስነው የቤቱ ሥራ ለስድስት ሳምንታት እንዴት እንደሚደለደል ነው። ድልድሉም እናቲቱ ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ ሳይሆን ገና ነፍሰ ጡር ሳለች ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

የቀዶ ሕክምና ወሊድ በገጠር

በተለምዶ «ኦፕራሲዮን» የሚባለው የቀዶ ሕክምና ወሊድ ምጥ ሲራዘም፣ የሕፃኑ አቀማመጥ ሲዛባ፣ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ሲዘጋ ወይም የሕፃኑ የልብ ምት ሲዳከም የእናትንም የልጅንም ሕይወት የሚያተርፍ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ የቀዶ ሕክምና ወሊድ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ወደ 10 በመቶ እስኪደርስ ድረስ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በላይ ሲያልፍ ግን ተጨማሪ የሞት ቅነሳ እንደማይታይ ገልጿል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአገር አቀፍ ደረጃ በዚህ መንገድ የተወለዱት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን አኃዙ 21 በመቶ ያህል ነበር።

ይህ ልዩነት በገጠር አገልግሎቱ የሚያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች ሳያገኙት መቅረታቸውን ያመለክታል። ያገኙትም ቢሆኑ በርካታዎቹ ረጅም ምጥ ካሳለፉ፣ በቃሬዛና በአምቡላንስ ከተጓዙ፣ አንዳንዴም ብዙ ደም ከፈሰሳቸው በኋላ ነው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚደርሱት። እንዲህ ተዳክሞ የቆየ ሰውነት ለቁስል መመርቀዝ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ ለማገገምም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በየወረዳው መስፋፋታቸው፣ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች መሠልጠናቸውና በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት ያለክፍያ መሰጠቱ ለገጠር እናቶች በሩን እየከፈተ ነው። ሕክምናው ወደ ገጠር በቀረበ መጠን ግን ከሕክምናው በኋላ ያለው እንክብካቤ የሆስፒታሉ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ የቤተሰቡና የቀበሌው ጉዳይም ይሆናል።

በከተማና በውጭ አገር የሚኖሩ አንዳንድ እናቶች በእርግዝና የላላ የሆዳቸውን ቆዳና ጡንቻ ለማጥበቅ በፈቃዳቸው የሚያደርጉት ቀዶ ሕክምናም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለው። እነርሱም ለሳምንታት ከባድ ዕቃ እንዳያነሱና ትንንሽ ልጆችን እንዳያቅፉ ይመከራሉ። ልዩነቱ ያለው በጊዜ ምርጫው ላይ ነው። በፈቃድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ልጆች እስኪጠነክሩና ረዳት እስኪገኝ ሊዘገይ ይችላል። ለድንገተኛ ወሊድ የሚደረገው ግን አጨዳ ነው፣ አረም ነው ብሎ አይጠብቅም። ሆድ ግን ለየትኛውም ምክንያት ይከፈት፣ የሚጠግግበት ሕግ አንድ ነው።

ቁስሉ በውስጥ ምን ይመስላል?

ከውጭ የሚታየው ከእምብርት በታች ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አግድም የሆነ ስፌት ነው። ይህ ግን የመጨረሻው ሽፋን ብቻ ነው። ሐኪሙ ወደ ሕፃኑ ለመድረስ ቆዳውን፣ ከሥሩ ያለውን ስብ፣ የሆድ ጡንቻዎችን አቅፎ የያዘውን ጠንካራ ሽፋን፣ የሆድ ዕቃውን የሸፈነውን ስስ ገለፈትና በመጨረሻም ማሕፀኑን ይከፍታል። የሆድ ጡንቻዎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አይቆረጡም፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈላሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ሸክምን የሚቋቋመው ጠንካራው የጡንቻ ሽፋን ነው። ቆዳው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተያይዞ ሊደርቅ ይችላል። ውስጡ ያለው ሽፋን ግን በዝግታ ነው የሚጠነክረው። በሕክምና መጻሕፍት የሚጠቀሰው ግምት እንደሚለው፣ የተሰፋ ቆዳ እንኳ በሦስተኛው ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከቀድሞው 20 በመቶ ያህሉ ነው። በሦስተኛው ወር 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ «ቁስሉ ደርቋል» ማለት «ሆዱ ጠንክሯል» ማለት አይደለም። ብዙ እናቶች ወደ ሸክም የሚመለሱት በዚህ ልዩነት ባለማወቅ ነው።

ከባድ ዕቃ ሲነሳ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ያልጠነከረውን ስፌት ከውስጥ ይገፋዋል። ውጤቱም ሕመም፣ የቁስል መከፈት፣ ወይም ከወራትና ከዓመታት በኋላ አንጀት በላላው ሽፋን በኩል ወደ ውጭ የሚገፋበት እበጥ ሊሆን ይችላል። ይህ እበጥ እናቲቱን ለሌላ ቀዶ ሕክምና ይዳርጋታል።

የአራስነት ልማድ የያዘውና ያልያዘው

የአገሩ ልማድ ለአራስ ክብር አለው። ገንፎውና አጥሚቱ፣ ጎረቤት እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለቱ፣ አራሷ ከቤት እንዳትወጣና ከሥራ እንድትታቀብ መደረጉ ሁሉ የወለደችን ሴት የሚያሳርፍ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በሙስሊሞች ዘንድም የ40 ቀን የአራስነት ጊዜ በስፋት የታወቀ ነው። የሕክምናው ስድስት ሳምንት 42 ቀን መሆኑ ሲታሰብ፣ ልማዱና ሕክምናው ተቀራራቢ ቀን ላይ ይገናኛሉ።

ይሁን እንጂ ልማዱ የተሠራው በተፈጥሮ መንገድ ለወለደች ሴት ነው። በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ሦስት ነገሮች መታረም አለባቸው።

አንደኛው ዕረፍትን ከመተኛት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። እናቲቱ ከሸክም እንጂ ከመንቀሳቀስ መከልከል የለባትም። ቀዶ ሕክምናው ባበቃ በማግሥቱ፣ አቅሟ ከፈቀደ በዚያው ቀን፣ በሰው ተደግፋ መነሣትና ጥቂት መራመድ ትጀምራለች። ለሳምንታት ሳይንቀሳቀሱ መተኛት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ስለዚህ በቤትና በግቢ ውስጥ በዝግታ መመላለስ የሕክምናው አካል ነው።

ሁለተኛው ሆድን በቅቤ ማሸትና ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ማድረግ ነው። ሆድን ማሸት ስፌቱን ይጎዳዋል፤ ቁስል ላይ የሚቀባ ማናቸውም ባዕድ ነገርም ጀርም ያስገባል። ቁስሉ የሚፈልገው ንጽሕናና ድርቀት ነው። ሐኪሙ መታጠብ በፈቀደበት ጊዜ በንጹሕ ውኃና በሳሙና በቀስታ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳይታሽ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ሆድን በመቀነት ላላ አድርጎ ማሰር ለአንዳንድ እናቶች ሕመሙን ያቀልላቸዋል። ትንፋሽ እስኪያጥር ማጥበቅ ግን አይገባም።

ሦስተኛው የክርስትናው ድግስ ነው። የወንድ ልጅ ክርስትና የሚውለው ስድስቱ ሳምንት ሳይሞላ ነው። ጠላ መጥመቁ፣ እንጀራ መጋገሩና ውኃ መመላለሱ በዚያ ሳምንት በእናቲቱ ላይ ከወደቀ፣ የ40 ቀኑ ጥንቃቄ በሁለትና በሦስት ቀን ሥራ ሊበላሽ ይችላል። ድግሱ ቢቀልል ወይም ዝግጅቱን ዘመድ ቢረከበው የተሻለ ነው።

የሸክም ሒሳብ

አርሶ አደር ቤተሰብ ክብደትን በኪሎና በኩንታል መለካት ያውቅበታል። የቁስሉንም ጥንቃቄ በዚሁ ሒሳብ መረዳት ይቻላል። በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ጨቅላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ለስድስት ሳምንታት የተፈቀደው ጣሪያ ይህ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሆን የጣሪያውን ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ ውኃ የጀሪካኑ ክብደት ሳይጨመር 20 ኪሎ ግራም ነው። ለወፍጮ የሚሄደው ግማሽ ኩንታል እህል 50 ኪሎ ግራም ነው።

ከክብደቱ ባሻገር አቀማመጡም ሥራ አለው። መሬት ላይ ባለ ጉልቻ ላይ ጎንበስ ብሎ እሳት ማራገብ፣ ምጣድ ሥር መቀመጥ፣ ሊጥ ማቡካትና ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠብ ሆድን ያጥፋል፤ ስፌቱንም ይጫናል። የምድጃ ጭስ የሚያመጣው ሳልም ከሸክም የማይተናነስ ግፊት ይፈጥራል። ስለዚህ አራሷ የምትተኛበት ክፍል ከጭስ የራቀ ቢሆን፣ ወጥ ለማማሰል የምትቀመጥ ከሆነም ከፍ ባለ በርጩማ ላይ ቢሆን ይጠቅማል።

ከስድስት ሳምንት በኋላም ቢሆን ወደ 20 ሊትር በአንድ ጊዜ አይዘለልም። በአምስት ሊትር ጀሪካን መጀመር፣ ሕመም ወይም የመጎተት ስሜት ከሌለ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመሩ መሄድ፣ ሕመም ሲሰማ ደግሞ ወደ ቀደመው መመለስ ይመከራል። ከባዱ ሸክም ቢያንስ ሦስት ወር እስኪሞላ ቢቆይ ይመረጣል።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት

ለእናቲቱ ከጀሪካኑ ይልቅ የሚከብደው የልጅ ልቅሶ ነው። ጀሪካኑን ለሌላ ሰው መተው ይቻላል። እጁን ዘርግቶ የሚያለቅስ ልጅን ግን አልፎ መሄድ አይቻልም። ታናሽ የመጣበት ልጅ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከወትሮው ይበልጥ እናቱን ይፈልጋል። መፍትሔው ልጁን ከእናቱ ማራቅ ሳይሆን ማቀፉን በሌላ መንገድ ማድረግ ነው።

እናቲቱ መደብ ወይም አልጋ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ልጁ ራሱ ወጥቶ ወይም ሌላ ሰው አንሥቶት ከጎኗ ይቀመጣል። የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ በሆዷ ላይ ከተደረገ ልጁ ቢራገጥም ቁስሉን አያገኘውም። ማታ የሚራገጥ ልጅ ከእናቱ ጎን ባይተኛ፣ ግድ ከሆነም በመካከል የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ቢደረግ ይሻላል። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ «የእማማ ሆድ ቆስሏል፣ ቀስ ብለህ ንካት» ሲባል ይረዳል፤ በየቀኑ ሲደጋገምለትም ይለምደዋል።

ልጅ በአንቀልባ ማዘል ለስድስት ሳምንታት መቅረት አለበት። የልጁ ክብደት በጀርባ ቢሆንም ማሰሪያው በፊት ለፊት ሆድን ያጠብቃል፤ ልጁን ለማዘል መጎንበሱም ስፌቱን ይስባል። በዚህ ጊዜ ትልቁን ልጅ ማዘል የአባት፣ የአያት ወይም የአክስት ድርሻ ይሆናል።

ጨቅላውን ሲያጠቡም ክብደቱ ቁስሉ ላይ ማረፍ የለበትም። በጎን ተኝቶ ማጥባት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ሕፃኑን በብብት ሥር አስተኝቶ እግሩን ወደ እናቲቱ ጀርባ አድርጎ ማጥባት ነው። ከአልጋ ሲነሱ በቀጥታ ወገብን አንሥቶ ከመነሳት ይልቅ መጀመሪያ ወደ ጎን መገልበጥ፣ እግርን ወደ መሬት ማውረድ፣ ከዚያ በክንድ ተደግፎ መነሣት ሕመሙን ይቀንሳል። ሳል፣ ማስነጠስ ወይም ሳቅ ሲመጣ የታጠፈ ጨርቅ ቁስሉ ላይ በእጅ ደገፍ ማድረግ ይረዳል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው የትልቋ ሴት ልጅ ጉዳይ ነው። እናት ስትተኛ ውኃውም፣ ማገዶውም፣ ሕፃን መያዙም በአሥርና በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ሲወድቅ ይታያል። ልጅቱ ለስድስት ሳምንት ከትምህርት ገበታዋ ከቀረች ተመልሳ ለመያዝ ትቸገራለች፤ ክፍል መድገምና ማቋረጥም ይከተላል። የእናት ቁስል በልጅ ትምህርት መከፈል የለበትም።

ወንፈል ለጓዳም

የገጠሩ ኅብረተሰብ ጉልበት ሲያጥረው መፍትሔ ያጣ አይደለም። አጨዳ ሲደርስ ወንፈል ይገባባል፤ ከባድ ሥራ ሲገጥም ደቦ ይጠራል፤ ሐዘን ሲመጣ እድር ይቆማል። ወንፈል ዛሬ ለአንዱ የተሰጠ የጉልበት ቀን ነገ በተራው የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት ከማሳ ወደ ጓዳ የማይሻገርበት ምክንያት የለም። አምስትና ስድስት ጎረቤታሞች በሳምንት አንዳንድ ቀን ውኃ ቢቀዱና እንጀራ ቢጋግሩ፣ የአራሷ ቤት ሳምንቱን ይወጣዋል። ሌላዋ ስትወልድም በተራዋ ይመለስላታል።

የመጀመሪያው ድርሻ ግን የባል ነው። ውኃ መቅዳትና ማገዶ ማምጣት በብዙ አካባቢዎች የሴት ሥራ ተደርገው ስለሚታዩ ባል ጀሪካን ቢያነሳ የሚያፍርበት ሁኔታ አለ። አህያ ያለው ቤት በአንድ ጉዞ የሁለትና የሦስት ቀን ውኃ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ለባል የሚቀል መንገድ ነው። ማገዶውን እናቲቱ ከመውለዷ በፊት ፈልጦ መከመር፣ እህሉን አስፈጭቶ ማስቀመጥ፣ በርበሬና ሽሮ ማዘጋጀት ከወሊዱ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። የሚጠበቀው የወሊድ ቀን በእርግዝና ክትትል ጊዜ ስለሚነገር፣ ቀኑ ከአረም ወይም ከአጨዳ ጋር የሚገጥም መሆኑን ቤተሰቡ አስቀድሞ ማየት ይችላል። በገጠመ ጊዜ የእናቲቱን የማሳ ድርሻ የሚሸፍን ሰው ወይም ወንፈል አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

የትኛዋ ነፍሰ ጡር በቀዶ ሕክምና እንደምትወልድ አስቀድሞ ሁልጊዜ አይታወቅም። ሆኖም ዝግጅቱ በተፈጥሮ መንገድ ለወለደችም የሚጠቅም በመሆኑ የሚባክን ነገር የለም።

ምግብና ጾም

ቁስል የሚጠግገው ከምግብ በሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽሮ ሰውነትን የሚገነቡ ናቸው። ጎመንና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች፣ ፍራፍሬና በቂ ውኃ ደግሞ የሆድ ድርቀትን ይከላከላሉ፤ ድርቀት ሲኖር ማማጥ ስፌቱን ይገፋዋልና። የገብስ ገንፎና ተልባ በዚህ ረገድ ጥሩ የአራስ ምግቦች ናቸው። ደም ለፈሰሳት እናት ከጤና ተቋም የሚሰጠውን የደም ማነስ መከላከያ እንክብል ሳያቋርጡ መውሰድ ያስፈልጋል።

የጾም ወቅት ሲገጥም አንዳንድ እናቶች ቁስላቸው ሳይጠግግ ወደ ጾም ይመለሳሉ። ኦርቶዶክሳዊት እናት ሁኔታዋን ለንስሐ አባቷ ነግራ ምክር ብትቀበል ይገባል። በእስልምና ደግሞ በወሊድ ደም ላይ ያለች ሴት ረመዳንን አትጾምም፤ ያለፋትን ቀናት በኋላ ትከፍላለች።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ «ነገ ይሻለኛል» ሳይባል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፤ የቁስሉ መቅላት፣ ማበጥ፣ መግል መያዝ፣ መሽተት ወይም መከፈት፤ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የንጽሕና መጠበቂያውን የሚያርስ የደም መፍሰስ፤ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፤ የአንድ እግር ማበጥና መቆጥቆጥ፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፤ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፤ ሽንት መከልከል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ከልጁ ጋር መለያየትን መፈለግም ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ ሰነፍ ወይም ክፉ እናት መሆን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ቢያንስ አራት ክትትሎች እንዲደረጉ ይመክራል፦ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓታት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ እንዲሁም በስድስተኛው ሳምንት። በቀበሌው ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አራሷን በቤቷ መጎብኘት ከሥራቸው አንዱ ነው። ስለዚህ እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ወልዳ መመለሷን ቤተሰቡ በዚያው ሰሞን ቢያሳውቃቸው ቁስሉን የሚያይ ዓይን ያገኛል።

የሚቀጥለው እርግዝና

በሆድ ላይ ያለው ቁስል ቢጠግግም በማሕፀን ላይ ያለው ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው በደንብ ሳይጠነክር ሌላ እርግዝና ከተከተለ በምጥ ጊዜ ማሕፀን የመቀደድ አደጋ ይጨምራል፤ ይህም እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ በኋላ እንደገና ለማርገዝ ቢያንስ 24 ወራት መጠበቅን ይመክራል። ለዚህም በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚሰጡትን የእርግዝና መከላከያ አማራጮች፣ ለምታጠባ እናት የሚስማማውን ጠይቆ፣ በጊዜ መጀመር ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ወሊድ የግድ በቀዶ ሕክምና ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን የግድ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል መሆን አለበት፤ ቤት ውስጥ ማማጥ ፈጽሞ የሚመከር አይደለም። ማሕፀኑ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተከፈተ የሚገልጸው የሆስፒታል መውጫ ወረቀት ከቤቱ የመሬት ደብተር ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ አይበዛበትም። ለሚቀጥለው ሐኪም ውሳኔ የሚረዳው ያ ወረቀት ነው። ቤቷ ከሆስፒታል የራቀ እናት ምጥ ሳይጀምራት ቀድማ በሆስፒታሉ አቅራቢያ ወይም በእናቶች ማቆያ ብትቆይ መንገድ ላይ ከሚደርስ አደጋ ትድናለች።

ለአርሶ አደሯ እናት የወሊድ ፈቃድ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ክፍያ ያለው ፈቃድ ይሰጣል። በልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታቀፉ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችም ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥተው ድጋፉን ያለ ጉልበት ሥራ የሚያገኙበት አሠራር አለ። ሥራው ሸክም የበዛበት በመሆኑ ይህ አሠራር በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ይበልጥ ይጠቅማታል። የመርሐ ግብሩ ተጠቃሚ የሆነች እናት ከጤና ባለሙያ ማረጋገጫ ይዛ ለቀበሌዋ ማሳወቅ ይገባታል።

ከሁለቱም ውጭ ያለችው፣ በራሷ ማሳና በራሷ ጓዳ የምትሠራው አርሶ አደር ግን ፈቃድ የሚፈርምላት አሠሪ የላትም። የእርሷን ፈቃድ የሚሰጡት ባሏ፣ ዘመዶቿና ጎረቤቶቿ ናቸው። ፈቃዱም በወረቀት አይጻፍም፤ ማለዳ ወደ ምንጭ በሚወርድ ሌላ ሰው ይገለጣል። 42 ቀን ከአንድ የሰብል ዘመን ያጠረ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት የተጠበቀ ሆድ ግን ለሚመጡት ዓመታት እርሻውንም፣ ጓዳውንም፣ ልጆቹንም የሚሸከም ነው።